ሳይቃጠል በቅጠል፤ የዘር ማጥፋት ወንጀልን በመከላከል የዜጎች ድርሻ

(ለአጥቢያ አገልጋዮች፣ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በተሰጠ የሰላም ግንባታ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ዘወትር ስንገናኝ የምንነጋገረው ስለ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ፣ ስለ አፈር ጥበቃ፣ ስለ ችግኝ ጣቢያ፣ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና ነው። ዛሬ ይዘን የቀረብነው ርእስ ግን ከእነዚህ የተለየ ይመስላል። በአፍሪካችን ስለ ተፈጸመ የዘር ማጥፋት ወንጀልና ይህን ወንጀል ለመከላከል፣ ከተፈጸመም በኋላ ለፍርድ ለማቅረብ ተራ ዜጎች ስለ ሠሩት ሥራ እንነጋገራለን።

ይህ ከልማት ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ ሊመላለስ ይችላል። መልሳችን አጭር ነው። ሃያ ዓመት ተደክሞበት የተቆፈረ ጉድጓድ፣ የተሠራ ትምህርት ቤት፣ የተተከለ ደን ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ በተነሣ ሳምንት ባለቤት አልባ ይሆናል። ድንበር ተሻግረው የሚመጡ ስደተኞችን ስንቀበል የኖርን ሰዎች ይህን በዓይናችን አይተናል። መከራቸው እንዴት እንደ ጀመረ ስንጠይቃቸው ከጥይት የሚጀምሩት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ የሚነግሩን በቅድሚያ ወሬ እንደ ነበረ፣ ከዚያ ቅጽል ስም እንደ ወጣላቸው፣ ከዚያ ስማቸው በዝርዝር እንደ ተጻፈ፣ እሳቱ ግን ከሁሉ በኋላ እንደ መጣ ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ በቅጠል መትቶ የማጥፋቱ ሥራ ከሩቅ መንግሥታት ይልቅ በአጠገቡ ለቆመ ሰው ይቀርባል።

አስቀድሞ የተሰማ፣ ግን ሰሚ ያጣ ድምፅ

ስለ ሩዋንዳ ሁላችሁም ሰምታችኋል። የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት ሃብያሪማና ከቡሩንዲው ፕሬዚዳንት ጋር የተሳፈሩበት አውሮፕላን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 6 ቀን 1994 ምሽት በኪጋሊ ሰማይ ላይ ተመትቶ ወደቀ። በማግስቱ መጋቢት 29 ቀን 1986 ዓ.ም. ግድያው ተጀመረ። ቀኑ ቤተ ክርስቲያናችን የጌታን ጽንሰት የምታስብበት ዕለት ነው፤ በሩዋንዳ ደግሞ ሕዝቡ ትንሣኤን ካከበረ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር። በመቶ ቀናት ውስጥ ስምንት መቶ ሺህ ያህል ሰዎች እንደ ተገደሉ የተባበሩት መንግሥታት ሲገምት፣ የሩዋንዳ መንግሥት ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው ይላል። ከሟቾቹ የሚበዙት ቱትሲዎች ነበሩ፤ ግድያውን የተቃወሙ ሁቱዎችም አብረው ተገድለዋል።

ብዙ ጊዜ ይህ ጥፋት ሳይታሰብ የመጣ ዱብ ዕዳ ተደርጎ ይነገራል፤ እውነቱ ግን እንዲያ አይደለም። የሩዋንዳ ዜጎች ያቋቋሟቸው የሰብዓዊ መብት ማኅበራት ከዓመታት በፊት እየጮኹ ነበር። በእነርሱ ጥሪም እ.ኤ.አ. በጥር 1993 አንድ ዓለም አቀፍ አጣሪ ቡድን ወደ ሀገሪቱ ገብቶ ምስክሮችን ሰማ፣ የጅምላ መቃብሮችን አስከፈተ፣ በመጋቢትም ሪፖርቱን አወጣ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ልዩ መርማሪ ባክሬ ዋሊ ንዲያዬ ሩዋንዳን ጎብኝተው፣ በቱትሲዎች ላይ የሚፈጸመው ግድያ በዘር ማጥፋት ስምምነት ሊታይ እንደሚገባው በነሐሴ በወጣው ሪፖርታቸው አሳሰቡ። እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1994 ደግሞ የሰላም አስከባሪው ኃይል አዛዥ ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር ስለ ተደበቀ የጦር መሣሪያና ስለ ግድያ ዝግጅት ወደ ኒውዮርክ መልእክት ላኩ። መሣሪያውን ለመያዝ ያቀረቡት ሐሳብ ግን ፈቃድ አላገኘም።

ከእነዚያ ጯሂ ዜጎች አንዷ ሞኒክ ሙጃዋማሪያ ትባላለች። በግድያው የመጀመሪያ ሰዓታት ኪጋሊ ከሚገኘው ቤቷ ሆና ወዳጇ ለሆነችው ለታሪክ ምሁሯ ለአሊሰን ዴ ፎርጅ በስልክ የምታየውን ትነግራት ነበር። ገዳዮቹ ወደ ቤቷ ሲመጡ ተደብቃ ተረፈች፤ ከሀገር ወጥታም ዋሽንግተን ደረሰች። ሁለቱ ሴቶች የአሜሪካን ባለሥልጣናት ደጅ ጠኑ። ከፍተኛ ሥልጣን ላይ የነበሩ ሰው የሰጧቸው ምክር ዛሬም ሊያስተምረን ይገባል፤ ከሕዝቡ በኩል የሚሰማ ጩኸት ስለሌለ ድምፃቸውን የበለጠ እንዲያሰሙ ነበር የነገሯቸው። በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1994፣ የጸጥታው ምክር ቤት የሰላም አስከባሪውን ቁጥር ወደ 270 ዝቅ ለማድረግ ወሰነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። መረጃ ነበረ፤ ሕግም ነበረ። የጎደለው ባለሥልጣናት ሊያልፉት የማይችሉት የዜጎች ድምፅ ነበር። ስለ ሩዋንዳ የሚጮኹት ጥቂቶች ስለ ነበሩ ዝም ማለት ለሹማምንቱ ዋጋ አላስከፈላቸውም።

በራችንን የከፈትን እንደሆነ

ሩዋንዳ የገዳዮች ሀገር ብቻ አልነበረችም። ሴኔጋላዊው የሰላም አስከባሪ መኮንን ካፒቴን ምባዬ ዲያኝ መሣሪያ ሳይዝ፣ የተሰጠውንም ትእዛዝ አልፎ በመኪናው ሰዎችን እየደበቀ ኬላዎችን አሳለፈ። በሳቁና በንግግሩ ገዳዮቹን እያዘናጋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አድኗል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1994 ኬላ ላይ ቆሞ ሳለ በሞርታር ፍንጣሪ ሞተ።

በጊሴኒ ከተማ ደግሞ ፌሊሲቴ ኒዪቴጌካ የተባለች በቤተ ክርስቲያን የምታገለግል ሁቱ ሴት በምትመራው ማረፊያ ቤት ቱትሲዎችን ሸሽጋ በሌሊት ወደ ኮንጎ ድንበር ታሻግር ነበር። ወንድሟ የጦር መኮንን ነበረና ስደተኞቹን ትታ ራሷን እንድታድን ላከባት። እርሷ ግን አብረዋት ካሉት ተለይታ መኖርን አልመረጠችም፤ ከእነርሱ ጋር ተገደለች። ዛሬ ሩዋንዳ ከብሔራዊ ጀግኖቿ አንዷ አድርጋ ታስባታለች።

በሩሃንጎ አካባቢ የምትኖር ዙራ ካሩሂምቢ የተባለች አሮጊት መድኃኒት አዋቂ ነበረች፤ ጎረቤቶቿም መናፍስት ያድሩባታል ብለው ይፈሯት ነበር። ዙራ ይህንኑ ፍርሃት ጋሻ አደረገችው። እጇን ቆዳ በሚለበልብ ቅጠል ቀብታ የመጡትን ገዳዮች እየነካች፣ ወደ ቤቷ ቢገቡ መዓት እንደሚወርድባቸው እየዛተች መለሰቻቸው። በትንሿ ቤቷና በግቢዋ ከመቶ በላይ ሰዎች ተርፈዋል። ልብ እንበል፤ ይህች ሴት ሥልጣን፣ ገንዘብ፣ መሣሪያ አልነበራትም። የነበራት ደሳሳ ጎጆና እምቢ የሚል ልብ ነው። የሀገሪቱ ሙስሊሞችም በየመንደራቸው ብዙ ሰዎችን መሸሸጋቸው ተመስክሮላቸዋል።

ንያንጌ፤ በአንድ ሥፍራ ሁለት ታሪክ

አሁን የምንናገረው እንደ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የሚያሳፍረንና የሚያስፈራን ነው፤ ነገር ግን ልንዘለው አይገባም። ሩዋንዳ ሕዝቧ በብዛት ክርስቲያን የሆነ ሀገር ናት። ገዳዩም ተገዳዩም በአንድ አጥቢያ የተጠመቁ፣ በአንድ መዝሙር የዘመሩ ነበሩ። ሰዎች ወደ አብያተ ክርስቲያናት የሸሹት በቀደሙት ዓመታት በዚያ ስለ ተረፉ ነው፤ በ1994 ግን መሸሸጊያቸው ወጥመድ ሆነባቸው። ንታራማና ንያማታ ዛሬ የቅዳሴ ሳይሆን የመታሰቢያ ሥፍራዎች ናቸው።

ንያንጌ በተባለው ሥፍራ ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች በደብሩ ውስጥ ተጠልለው ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1994 ሕንፃው በቡልዶዘር ተንዶ በላያቸው ላይ ወደቀ። የዚያው ደብር አስተዳዳሪ ካህን በአሩሻው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተከስሶ በ2008 በይግባኝ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። መንጋውን እንዲጠብቅ የተሾመ ሰው በበጎቹ ጥፋት ተባባሪ ሆኖ ተገኘ። የሩዋንዳ ካቶሊክ ጳጳሳት ስለ ምእመኖቻቸውና አገልጋዮቻቸው ጥፋት በ2016 ይቅርታ ጠየቁ፤ በተከታዩ ዓመትም የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ ይቅርታ ለመኑ። ይቅርታው የመጣው ሃያ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው።

ሆኖም በዚያው በንያንጌ ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 1997 ምሽት ታጣቂዎች ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ገቡ። በጥናት ላይ የነበሩትን ተማሪዎች ሁቱዎች በአንድ ወገን፣ ቱትሲዎች በሌላ ወገን እንዲቆሙ አዘዟቸው። ልጆቹ አልተለያዩም። ሁላችንም ሩዋንዳውያን ነን ብለው መለሱ። በዚያ ምሽት ስድስት ተማሪዎች ተገደሉ፣ ሌሎችም ቆሰሉ። ሁቱ የሆኑት ልጆች አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቢራመዱ ሕይወታቸው እንደሚተርፍ ያውቁ ነበር። አዋቂዎች በወደቁበት ሥፍራ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ልጆች ቆሙ።

የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ እነዚህ ተማሪዎች በእናንተ ዕድሜ ነበሩ። ያን መልስ በዚያች ደቂቃ አላፈለቁትም። በአንድ ክፍል ሲኖሩ፣ በአንድ ገበታ ሲበሉ፣ ስለ ሀገራቸው ቁስል እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ያዳበሩት ነው። እኛም የመለያየት ትእዛዝ በመጣ ጊዜ የምንሰጠው መልስ ዛሬ በሰላሙ ቀን በልባችን ያስቀመጥነው ብቻ ነው።

የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳ

የዜጎች ሥራ ግድያ ሲቆም አያበቃም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትግል ረጅምና አድካሚ ነው። ለዚህ ምስክራችን ቻድ ትሁን።

ሂሴን ሃብሬ ቻድን እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1990 ገዛ። ከውድቀቱ በኋላ የተቋቋመው የሀገሪቱ አጣሪ ኮሚሽን በዘመኑ አርባ ሺህ ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። ሱሌማን ጌንጌንግ የተባለ የሂሳብ ሠራተኛ በእነዚያ እስር ቤቶች ከሁለት ዓመት በላይ ማቀቀ፤ የእስር ጓደኞቹ በአጠገቡ ሲሞቱ አየ። በሕይወት ከወጣሁ ስለ እነዚህ ፍትሕ እሻለሁ ብሎ ለአምላኩ ተሳለ። ከወጣም በኋላ ስእለቱን አልረሳም። የፈሩትን ተጎጂዎች እያግባባ የ792 ሰዎችን ቃል ሰበሰበ። ዛቻው ሲበረታ ወረቀቶቹን በቤቱ ደብቆ ለዓመታት አቆያቸው።

ከዚያ የሆነውን ተመልከቱ። በ2000 ተጎጂዎቹ እነዚያን ወረቀቶች ይዘው ሃብሬ በተሸሸገበት በሴኔጋል ክስ መሠረቱ። ፍርድ ቤት መለሳቸው፤ ወደ ቤልጅግ ሄዱ። በ2006 የአፍሪካ ኅብረት በአፍሪካ ስም እንዲዳኝ ሴኔጋልን ጠየቀ፤ ነገሩ ግን አሁንም ዓመታት ተጎተተ። ቻዳዊቷ ጠበቃ ዣክሊን ሙዴይና በዚሁ ሥራ ምክንያት በሀገሯ በቦምብ ቆስላ እንኳ ከመንገዷ አልተመለሰችም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 2016 በዳካር የተሰየመው ልዩ የአፍሪካ ችሎት ሃብሬን በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደበት። በእስር ቤት ደብተር ይዞ ያልወጣ አንድ ሰው በልቡ ይዞት የወጣው ቃል ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ፍርድ ሆነ።

በአሩሻው ፍርድ ቤትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የታባ ወረዳ ከንቲባ የነበረው ዣን ፖል አካዬሱ ሲከሰስ የመጀመሪያው ክስ ስለ ተደፈሩ ሴቶች የሚለው አልነበረም። የሚያስጨንቅ ቃላቸውን በችሎት ፊት የተናገሩ የመንደር ሴቶችና የሴቶች መብት ተሟጋቾች ግፊት ክሱን አሻሻለው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 1998 በተሰጠው ፍርድ አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት ድርጊት ሊሆን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አቀፍ ችሎት ተወሰነ። ይህን ሕግ ያሠሩት ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ እናቶች ጭምር ናቸው ብንል አልተጋነነም።

ወደ እኛ ስንመለስ

ክቡራን ወገኖቻችን፣ ይህ ጉዳይ የሩቅ ሀገር ወሬ እንዳይመስለን። ዓለም የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለውን ስምምነት ኅዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም. ባጸደቀ ጊዜ ሰነዱን ከሁሉም ሀገሮች ቀድማ በሕግ የተቀበለችው ኢትዮጵያ ናት፤ ቀኑም ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ነበር። ቀዳሚ የሆነችበትን ምክንያት ለመገመት አያዳግትም። የየካቲት 12 ጭፍጨፋ፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ የተረሸኑት መነኰሳትና ዲያቆናት ደም ገና አልደረቀም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የተረሸኑት አቡነ ጴጥሮስም አርበኞችን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ ያሉ አባት ናቸው። አንድን ሕዝብ በክፉ ስም መጥራት የጥፋት በር መሆኑን እርሳቸው በሕይወታቸው መስክረዋል።

ቀዳሚ መሆናችን ግን ከመከራ አላዳነንም። በደርግ ዘመን የወደቁትን ሁሉ፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተገደሉትን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ጨምሮ፣ እናስባለን። የዚያ ሥርዓት መሪዎች በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ የተባሉት በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤና ቃል ይዘው ችሎት ፊት ስለ ቆሙ ነው። በባሕር ማዶም እንዲሁ ሆኗል። በአትላንታ የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት በቀይ ሽብር ጊዜ ያሠቃያትን ሰው በምትሠራበት ሆቴል ውስጥ ተቀጥሮ አገኘችው። ከሌሎች ሁለት ተጎጂዎች ጋር ሆና በ1990 ከሰሰችው፤ በ1993 ተፈረደላቸው፤ ሰውዬውም በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ሦስት ሴቶች፣ በሰው ሀገር፣ በሰው ቋንቋ ይህን አደረጉ።

ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የቆመው ዓለም በቃኝ ይባል በነበረው እስር ቤት ቦታ ላይ መሆኑን ብዙ ወጣቶች አያውቁም። ሰው ከዓለም የሚሰናበትበት ግንብ በነበረበት ሥፍራ ዛሬ መሪዎች ይሰበሰባሉ። የኅብረቱ መመሥረቻ ሰነድም በአንቀጽ 4 ፊደል ሸ ላይ የዘር ማጥፋት፣ የጦር ወንጀልና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል በተከሠተበት አባል ሀገር ኅብረቱ ጣልቃ የመግባት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጹ የተጻፈው ከሩዋንዳ በኋላ ነው። አንቀጽ ግን በራሱ አይነሣም፤ የሚያነሣው የሰው እጅ ይፈልጋል።

ራሳችንንም እንመርምር። ባለፉት ዓመታት በሀገራችን ሰዎች በማንነታቸው ምክንያት ተገድለዋል፤ ከቀያቸው ተፈናቅለዋል፤ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ተቃጥለዋል። በእነዚህ ዓመታት ሰውን ከሰውነት የሚያወርድ ቅጽል በለቅሶ ቤት፣ በዕድር፣ አልፎ አልፎም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ሲነገር ሰምተን ያለፍንበት ጊዜ የለምን? የራሳችን ወገን ሲሞት ጮኸን፣ የሌላው ሲሞት ማጣራት ያስፈልጋል ያልንበት ጊዜስ? ይህን ስንጠይቅ ጣታችንን ወደ እናንተ አንቀስርም። እኛም እርዳታ ለማድረስ ቀድመን ደርሰን እያለ ቃል ለመናገር የዘገየንባቸው ቀናት አሉ። ስንዴ ያደረስንላቸው ሰዎች ከስንዴው በፊት ምስክር ይሹ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሥልጠና ስትመለሱ በየአጥቢያችሁ ልትሠሩት የምትችሉትን አምስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ቃልን እንጠብቅ። በሩዋንዳ አርቲኤልኤም የተባለው ሬዲዮ ከ1993 ጀምሮ ቱትሲዎችን በረሮ እያለ ሲጠራ ብዙዎች በቀልድ ወስደውት ነበር። በረሮን መግደል ኃጢአት አይመስልምና ቀልዱ መንገድ ጠረገ። ሰውን በእንስሳ፣ በተባይ፣ በበሽታ ስም የሚጠራ ቃል ከማንም አፍ ቢወጣ፣ ከሰባኪም ቢሆን፣ በዚያው በቦታው በትሕትናና በግልጽ እናርመው።

ሁለተኛ፣ ወሬን ሳናጣራ አናስተላልፍ። በእጅ ስልካችን የሚደርሰን የአስከሬን ምስል መቼና የት እንደ ተነሣ ሳናውቅ ለሌላው ብናሻግር የማናውቀውን እሳት እናራግባለን። የሰበካ ጉባኤው ከአጎራባች መስጊድና ከሌሎች አብያተ እምነት ሽማግሌዎች ጋር የስልክ ቁጥር ይለዋወጥ። ክፉ ወሬ በተሰማ ሰዓት ሁለት ሽማግሌዎች ተደዋውለው እውነቱን ቢያረጋግጡ ብዙ ደም ይድናል።

ሦስተኛ፣ የሆነውን በጥንቃቄ እንመዝግብ። ጌንጌንግን አስታውሱ። ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ ያየ ሰው። ያየነውን ካየነው፣ የሰማነውን ከሰማነው ለይተን እንጻፍ፤ ቁጥር አንጨምር፣ አንቀንስ። ከሁሉ በላይ ተጎጂው ሳይፈቅድ ስሙን አናውጣ፤ መዝገቡም አደጋ በማያስከትልበት ቦታ ይቀመጥ። ምስክርን ለአደጋ የሚያጋልጥ መዝገብ ከመጀመሪያው ባይጻፍ ይሻላል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላል፤ በጋምቢያ ባንጁል የሚገኘው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንም የሀገር ውስጥ መንገድ ከተሞከረ በኋላ የዜጎችን አቤቱታ ያያል። በሮቹ መኖራቸውን ሕዝባችን ይወቅ።

አራተኛ፣ በራችንን እንክፈት። የተሳደደ ሰው ሲመጣ ቋንቋውንና ሃይማኖቱን አስቀድመን አንጠይቅ። በመንገድ ዳር ለወደቀው ሰው የራራለት ከማን ወገን እንደ ነበረ በወንጌል የተማርን ነንና ሌላ አስተማሪ አያሻንም።

አምስተኛ፣ የሌላውን ሙት እናስብ። በአጥቢያችን ጸሎተ ፍትሐት ስናደርስ፣ ሻማ ስናበራ፣ የእኛ ወገን ያልሆኑትንም በስም እናንሣ። የራሱን ሙት ብቻ የሚቆጥር ሕዝብ ለሚቀጥለው ግጭት ሂሳብ ያወራርዳል። የሌላውንም አብሮ የሚያለቅስ ግን የበቀልን ገመድ ይበጥሳል።

አንድ ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል የሚል ተስፋ መቁረጥ እንደሚመጣባችሁ እናውቃለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ከላይ ያነሣናቸው ሥራዎች ሁሉ በጥቂት ሰዎች የተጀመሩ ናቸው። በጎረቤታችን ሱዳን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በተቀሰቀሰው ጦርነት ውስጥ የመንደር ወጣቶች የአስቸኳይ ጊዜ ክፍሎች ብለው በሰየሟቸው ስብስቦች ወጥ እየቀቀሉ ረሃብተኛ ያበላሉ፣ ቁስለኛ ያነሣሉ፣ የታሰረና የጠፋ ይፈልጋሉ። ከእነርሱ ብዙዎች ለዚህ ሥራ ሕይወታቸውን ከፍለዋል። የሚሠሩት ጦርነቱን ያቆማሉ ተብሎ ተስፋ ስለ ተሰጣቸው አይደለም፤ ጎረቤታቸው ስለ ተራበ ነው።

በመጨረሻ፣ አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። ወንድሙን የገደለው የመጀመሪያው ሰው ወንድሙ የት እንዳለ በተጠየቀ ጊዜ እኔ ጠባቂው አይደለሁም ብሎ አመለጠ። ይህ መልስ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየዘመኑ፣ በየምክር ቤቱ፣ በየመንደሩ ሲደገም ኖሯል። የዙራ ጎጆ፣ የንያንጌ ክፍል፣ የጌንጌንግ የተደበቁ ወረቀቶች ሌላ መልስ ሰጥተዋል። ነገ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ ጥያቄው በደጃችሁ ቆሞ ይጠብቃችኋል። እኛንም እንዲሁ። መልሳችንን ከዛሬ ጀምረን እናዘጋጅ።

የሞቱትን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ የተረፉትን ያጽናናልን፤ ለእኛም ሰምቶ ዝም የማይል ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።